የኤርጎጌ የመኝታ ሰዓት

ኤርጎጌ ብርድ ልብስና መጋረጃ የምትሸጥበት ቦታ ሱቅ ይባል እንጂ፣ ጆሃንስበርግ፣ ጀፒ በሚሉት ጀፕስታውን አጠገብ፣ ድሮ ቢሮ የነበረ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በቺፑድ የተከለለ ቁም ሳጥን ነው። ከቶኮዛ ሰፈር የሚመጣ ደንበኛ ገብቶ በዙሉኛ «ሳውቦና ማማ» ብሎ ሰላም ሲላት፣ እሷ ካልወጣች በቀር እሱ መዞሪያ የለውም። እዚያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። ቆማለች የተባለው ለአነጋገር እንዳይመስላችሁ፤ ወንበር የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ነው።

ሱቁ የባለቤቷ የበርናባስ ነው። የኪራይ ውሉም፣ የመኖሪያ ፔፐሩም፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ስልክ ቁጥርም የእሱ ነው። በርናባስ ከሆሳዕና ሲመጣ አንድ ሻንጣና ብዙ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ሻንጣው አርጅቶ ተጣለ፣ ሐሳቡ እስካሁን አለ። ረፋድ ላይ ብቅ ብሎ መደርደሪያውን በዓይኑ ይቆጥርና «እኔ የውጭ ጉዳዩን ይዣለሁ» ብሎ ይወርዳል። የውጭ ጉዳዩ ማለት ከምድር ቤቱ ምግብ ቤት ተቀምጦ የአገር ቤትን ፖለቲካ መፍታት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። አይሳደብም፣ አይጠጣም፣ እጁን አያነሳም። ለሥራም አያነሳም።

ልጃቸው ፀሎት ሦስት ዓመት ሊሞላት አራት ወር ቀርቷታል። አዳሯ ቤታቸው ሮዘተንቪል፣ ውሎዋ ከባንኮኒው ሥር ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን በደንበኞች እግር መሃል ሹልክ ብላ፣ የሁለት ፎቅ ደረጃ ወርዳ፣ ታክሲዎቹ ወደ ኋላ ከሚመጡበት መንገድ ላይ ተገኘች። ማግዊኛ የሚሉትን ቦንቦሊኖ የምትጠብሰው የሰፈሩ ሴትዮ አቅፋ አምጥታ «ማማ፣ ልጅሽን ያዢ እንጂ!» ብላ ተቆጣቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ ኤርጎጌ የልጇን ወገብ በመጋረጃ ገመድ ከባንኮኒው እግር ጋር ታስራለች። በሻሽ ጠቅልላ፣ እንዳይሰማት አላልታ ታስራለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ገመዱን ግን ገቢ ወጪው ሁሉ ያየዋል። ጠዋት ጠዋት ቋጠሮውን ስትቋጥር የሚሰማት እፍረት ነው።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ክሬሽ። በሕንፃው ውስጥ ወይም በአቅራቢያው፣ ሱቅ እስኪዘጋ ልጅ የሚይዝ ክሬሽ።

ዶክተር ደመላሽ የመጡት ይህን ክሬሽ በአፋቸው ይዘው ነው። ዶክተሩ የሴቶችን ድህነት በአውሮፓ ማኅበራዊ ፖሊሲ ስለ ማጥፋት የሚያጠና ማዕከል ኃላፊ ናቸው። ስድስት ዓመት ስቶክሆልም ተምረዋል፤ የተማሩትን እንዳይረሱ ይመስላል በየሁለት ዐረፍተ ነገሩ ስቶክሆልምን ይጠሩታል። ሃያ ሁለት የጀፒ ሴቶችን ሰብስበው አስረዷቸው፤ አውሮፓ ውስጥ ሴት የምትደኸየው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሰዓትም መሆኑ እንደታወቀ፣ መንግሥት ልጇን እንደሚይዝላት፣ አባትየው የወሊድ ፈቃድ ወስዶ ቤት እንደሚቀመጥ። የመጨረሻውን ሲሰሙ ሴቶቹ ተሳሳቁ።

«ታዲያ ዶክተር፣ ቤት ተቀምጦ ምን ይሠራል?» አለች ከጎን ሱቅ ጫማ የምትሸጠው ሰአዳ።

«ልጅ ያጥባል፣ ያበላል። እኔ ስቶክሆልም ሳለሁ በዓይኔ ያየሁት ነው።»

«ክሬሹስ?» አለች ኤርጎጌ።

«ወይዘሮ ኤርጎጌ፣ ክሬሹ በጀት አለው። ግን አውሮፓ በማስረጃ ነው የሚሠራው። በመጀመሪያ የሰዓት ድህነታችሁ ይለካ።»

መለኪያው ቅጽ ነው። አራት ጥያቄ አለው፤ ስንት ሰዓት ተነሱ፣ ስንት ሰዓት ሱቅ ከፈቱ፣ ስንት ሰዓት ዘጉ፣ ስንት ሰዓት ተኙ። ከሥሩ «ሌላ የሚሉት ካለ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ከአውሮፓ የመጣው ዋናው ቅጽ ከዜሮ እስከ ሃያ አራት የተሸነሸነ ሣጥን ነበረው። ዶክተሩ ግን ባህል ይከበር ብለው ሣጥኑን አስወጡና «በአማርኛ፣ እንደለመዳችሁት ሙሉ» ብለው አዘዙ። ሴቶቹም እንደለመዱት ሞሉ።

ኤርጎጌ ለሁለት ሳምንት አንድ ቀን ሳታጓድል ጻፈች። ተነሳሁ፣ 10:30። ከፈትኩ፣ 1:30። ዘጋሁ፣ 11:00። ተኛሁ፣ 5:00። ምሥራቅ ሳይቀላ ተነስታ ምሳ አብስላ፣ ልጅ አልብሳ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ሱቅ ውላ፣ ማታ ደግሞ እራት አቅርባ፣ አጥባ፣ አጣጥፋ በአምስት ሰዓት ጋደም ማለቷ ነው። የትኛውም ኢትዮጵያዊ ቢያነበው ይገባዋል። ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታም በየቀኑ የሆነ ነገር ጽፋለች፤ «ዛሬም አሰርኳት»፣ «ዛሬ ገመዱን ነክሳ ፈታችው»፣ «ዛሬ አላለቀሰችም፤ ለምዳለች መሰለኝ»። ለማንም ያልተናገረችውን ለቅጹ ተናገረች፤ በጀት ያለው ነገር ያነበዋል ብላ።

ቅጾቹን ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው ዮአዳን ነች። ዮአዳን እዚሁ ጆሃንስበርግ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ጎበዝ ልጅ ናት። አማርኛ ማንበብ የተማረችው በቤተ ክርስቲያን የእሑድ ክፍል ነው። እዚያ ፊደል አስቆጥረዋታል፣ መዝሙር አስጠንተዋታል፤ ቀኑ ጎሕ ሲቀድ እንደሚጀምር፣ ሰዓታችንም ከዚያ ተነስቶ እንደሚቆጠር ግን የነገራት የለም። 10:30 ስታይ ረፋድ አለች፤ 5:00 ስታይ ከሰዓት በኋላ አለች። ኮምፒውተሩም ደመረ፣ ቀነሰ። የኤርጎጌ ቀን አሥራ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ገብቶ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ወጣ። ባዶው ቦታ ላይ የተጻፈውን ደግሞ ኮምፒውተሩ ቁጥር ብቻ ነው የሚበላው ተብሎ ማንም አላስገባውም።

ዮአዳን ግን ሞኝ አይደለችም፤ አንድ ነገር አልገባ አላት። «ዶክተር፣» አለች፣ «ሱቁ የሚዘጋው በአስራ አንድ ነው። ሴቶቹ ግን በአምስት ተኝተዋል። እንዴት ነው ወርኪንግ የሚሆነው?»

እዚህ ላይ ዶክተሩ ቅጹን አንስተው አንድ ጊዜ ቢያዩት ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። እናታቸው ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ኤርጎጌ ነው፤ እሳቸውም እስከ ሃያ አምስት ዓመታቸው እንደዚያው ነበሩ። ግን ዶክተር ቅጽ አያይም፤ ዶክተር የሚያየው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን አዩና ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ባሎቹ ናቸዋ!» አሉ። «ሴቲቱ በአምስት ትተኛለች፣ ባል ሱቁን እስከ አስራ አንድ ይይዛል። ጠዋት እሷ እስክትነሳ ልጁን የሚያነሳ፣ ቁርስ የሚሰጥ እሱ ነው። ዮአዳን፣ ይሄ ስህተት አይደለም፤ ግኝት ነው! ስቶክሆልም ያልደረሰበት!»

በዚህ መልክ በርናባስ በተኛበት አርአያ አባት ሆነ።

ውጤቱ የተነገረው አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በማዕከሉ አዳራሽ ነው። ከአውሮፓ አንዲት እንግዳ መጥተዋል። ኤርጎጌ ሱቁን ዘግታ ፀሎትን አዝላ መጣች፤ የክሬሹን ቀን ልትሰማ ነው። በርናባስም ሱፍ ለብሶ መጣ። በስሙ ደብዳቤ ደርሶታል፤ ለምን እንደሆነ ባያውቅም ሳይገርመው ነው የተቀበለው።

ዶክተሩ ስላይድ እያገላበጡ ተናገሩ። የጀፒ ሴቶች በቀን አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ያርፋሉ አሉ። ሸክሙን ባሎቻቸው በፈቃዳቸው ወስደዋል፤ አውሮፓ በሕግና በድጎማ ያላመጣውን እኩልነት የእኛ ወንዶች በፍቅር አምጥተውታል አሉ። እንግዳዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስለዚህ፣ አሉ ዶክተሩ፣ ለክሬሽ የተያዘው በጀት ለማያስፈልግ ነገር ከሚባክን፣ አርአያ አባቶችን ወደ አውሮፓ ወስዶ ልምድ ለማካፈል ይውላል። ከዚያ የበርናባስን ስም ጠሩና የምስክር ወረቀት ሰጡት። በርናባስም እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት ይህ ነው።

ኤርጎጌ መጀመሪያ የሌላ አገር ሰው ወሬ የሚያወሩ መስሏት ነበር። «ክሬሽ» የሚለውን ስትሰማ ነው የራሳቸው ጉዳይ መሆኑ የገባት። ሳይፈቀድላት ተነስታ ቆመች።

«ዶክተር፣ በየትኛው ሰዓት ነው ያነበባችሁት?»

«ምን ማለትሽ ነው እህቴ?»

«አስር ተኩል ብዬ የጻፍኩት ሌሊት ነው። አምስት ያልኩት የማታ አምስት ነው። ሱቁን የዘጋሁት እኔ፣ የከፈትኩትም እኔ።»

ሃያ አንዱ ሴቶች ባንድ አፍ «እኛም!» አሉ። ዶክተሩም ነገሩ ወዲያው ነው የገባቸው፣ ከፊታቸው ያስታውቃል። ዮአዳን ከኋላ ረድፍ «ኦ ማይ ጎድ» ብላ አፏን ያዘች። እንግዳዋ ምን እንደተባለ ሲጠይቁ ግን ዶክተሩ ፈገግ ብለው በእንግሊዝኛ ሴቶቹ ባሎቻቸውን እያመሰገኑ ነው አሏቸው። ከዚያ ወደ ኤርጎጌ ጠጋ ብለው «እባክሽ እህቴ፣ ሪፖርቱ ታትሟል። በሁለተኛው ምዕራፍ እናርመዋለን» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ኤርጎጌ በርናባስን አየችው። እሱ የምስክር ወረቀቱን ያያል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ከዚያ ልጇን ከጀርባዋ አወረደች።

«እንግዲህ ሪፖርቱ ከታተመ ታትሟል፤» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «በፈረንጅ አምስት ሰዓት ሆነ። የመኝታ ሰዓቴ ነው።»

ፀሎትን በርናባስ ክንድ ላይ አስቀመጠቻት። ዳይፐሩንና ምግቧን የያዘውን ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠለጠለችለት፤ የሱቁን ቁልፍ በምስክር ወረቀቱ ላይ አኖረች። የመጋረጃውንም ገመድ ከኪሷ አውጥታ ጨመረችበት።

«ምንድነው ይሄ?» አለ በርናባስ።

«ስቶክሆልም ነው» አለችውና ወጣች።

እንግዳዋ ሠርቶ ማሳያ መስሏቸው ቆመው አጨበጨቡ፤ ፎቶም አነሱ። በርናባስ ልጅ በአንድ ክንዱ፣ ወረቀት በሌላው ይዞ በዚያ ፎቶ ላይ በእርግጥም አርአያ ይመስላል።

ኤርጎጌ ታክሲ ይዛ ሮዘተንቪል ገባች። ፀሐይ ሳይጠልቅ ተኛች። እንቅልፍ ወዲያው አልወሰዳትም፤ ልጄን ምን አበላት ይሆን እያለች ተገላበጠች፣ ሁለቴም ተነስታ ልትለብስ ነበር። አልለበሰችም። በማግሥቱ በፈረንጅ አስር ተኩል ተነሳች። ሱቅ የደረሰችው በፈረንጅ አንድ ተኩል ነው፤ ልክ በሪፖርቱ።

በርናባስን ኩራቱ ሦስት የሥራ ቀን ያዘው። የምስክር ወረቀት የተሰጠው ሰው በመጀመሪያው ቀን እጅ አይሰጥም። ዓርብ ፀሎት ስድስት ብርድ ልብስ ላይ በማርከር ሥዕል ሣለች። ቅዳሜ የቶኮዛው ደንበኛ ከመጋረጃ ይልቅ አልጋ ልብስ ተጭኖለት ሄደ። ሰኞ ረፋድ ልጅቷ ሹልክ ብላ ወረደችና ያቺው ማግዊኛ ጠባሽ አቅፋ አመጣቻት፤ እሱን ስታይ ግን አልተቆጣችም፤ «አይ ታታ፣ ምን ዓይነት ጥሩ አባት ነህ» ብላ አሞገሰችው። በርናባስ ያን ጊዜ ገመዱን ከኪሱ አወጣ። አየው። ልጁን አየ። ማሰር አልቻለም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ አቀፋት። ኤርጎጌ ይህን የሰማችው ከሰአዳ ነው፤ ስትሰማም ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችለት። ግን አልተነሳችለትም።

ማክሰኞ በርናባስ የዶክተሩን ቢሮ አንኳኳ። «ዶክተር፣ ያ ክሬሽ አሁኑኑ ያስፈልጋል» አለ።

ሃያ ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሲጠይቁ ማስረጃ አምጡ የተባለበት ነገር፣ አንድ ወንድ አንድ ጊዜ ሲጠይቅ «ከአርአያ አባቶች የቀረበ አስቸኳይ ጥያቄ» ተብሎ በዚያው ቀን ወደ አውሮፓ ተጻፈ። ዮአዳን ከደብዳቤው ጋር ማንም ያላነበበውን የኤርጎጌን ባዶ ቦታ ተርጉማ አያያዘች፤ እያለቀሰች ነው የተረጎመችው። መልሱ በሳምንቱ መጣ። የበርናባስ ጉዞ ቀረ። የዶክተሩ ጉዞ ግን አልቀረም፤ ሪፖርቱን ይዘው ሄዱ፣ የሰዓቱም ነገር በገጽ ስልሳ አንድ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ታርሟል።

ክሬሹ ከእነ ኤርጎጌ ሱቅ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ተከፈተ። ሪባን የቆረጠው በርናባስ ነው። ሴቶቹ ፎቶው ላይ የሉም፤ የገበያ ቀን ስለነበር ሱቅ ይዘው ነበር። በሩ ላይ «የአርአያ አባቶች የሕፃናት ማቆያ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ኤርጎጌ በማግሥቱ ፀሎትን በእጇ ይዛ ወጣች፤ ገመዱን ከበርናባስ ተቀብላ ከነቋጠሮው ቆሻሻ ውስጥ ጥላ ነው የመጣችው። ሰሌዳውን አነበበች፣ ከት ብላ ሳቀች፤ ስሙን እንደፈለጉ ይጥሩት። ከሥሩ ግን «ከ1:30 እስከ 11:00» የሚል ነበረበት። ደፍ ላይ ቆመችና የልጇን እጅ ሳትለቅ፣ ውስጥ ልጆች የምትመዘግበውን ዮአዳንን ጠራቻት።

«ዮአዳንዬ፣» አለቻት፣ «በማን ሰዓት?»