በሙሉ ድምፅ

ልጅቷ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ማንገቻው በክር የተጠገነ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ከተደረደሩት ወንዶች መሃል ቁጭ አለች። ፀጉር አስተካካዩ ግራ ገባው። ተራዋ ሲደርስ ወንበሩን ለኋላዋ ሰው ለቀቀችና ወረቀት ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና በርዎ ላይ የተሳለው መቀስ ጊንጥ ነው የሚመስለው። እኔ እንዲህ አሳመርኩት። ዲዛይነር ነኝ፤ በግሌ ነው የምሠራው።»

የወንዶቹ ሳቅ ሳያባራ ስልኳ ጠራ።

«እማዬ፣ ቢሮ ነኝ... ስብሰባ ላይ» አለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

ፀጉር አስተካካዩ ሥዕሉን አየ፤ ልጅቷን አየ። ማሽኑን አጠፋና እናትየው እንዲሰሙ ጮክ ብሎ፣

«አለቃ! ስብሰባው ሥራውን በሙሉ ድምፅ ለእርስዎ ሰጥቷል!» አለ።

ወንበሩ ላይ ፀጉሩ በግማሽ የቀረው ደንበኛ ከጨርቁ ሥር እጁን አወጣ።