ሽማግሌው ላይ ያሰመርኩት ካሬ

ባለፈው ሳምንት የግራ ዓይኔን ሞራ አስገፍፌ ፋሻው ሲነሳልኝ መጀመሪያ ያየሁት የባለቤቴን ፊት ነበር። ለካስ ሰውየው እንዲህ አርጅቷል። የግንባሩን መስመሮች አንድ በአንድ ስቆጥር ሳቄ መጣ። የታወሰኝ ሌላ ሽማግሌ ነው፤ አሰላ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ያበላሸሁት።

የሥዕል መምህራችን ጋሼ መስፍን ከጎንደር ተመድበው የመጡ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አንድ ዓርብ በጋዜጣ የተጠቀለለ ወረቀት ሰጡኝ። የጢማም ሽማግሌ ፊት ነው፤ መዳብ ላይ በመርፌ ተጭሮ በቀለም የታተመ።

“አስመስለሽ ሳዪው” አሉኝ። “ጥላውን በጣትሽ እንዳታሺው። መስመር በመስመር ላይ አቋርጪ፤ ሲበዛ ይጠቁራል፣ ሲሳሳ ይነጣል። ደግሞ አደራ፣ ከሞቱት መምህሬ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።”

አደራውን ሰምቻለሁ። ግን ያደግኩት አጎቴ ቤት ነው፤ አጎቴ ደግሞ የሱቅ ታፔላ ሠዓሊ ነበር። ፎቶ ሲያሳድግ መጀመሪያ ፎቶው ላይ ካሬ ካሬ ያሰምራል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ካሬ ወደ ቆርቆሮው ያሻግራል። እኔም ሥዕል ማለት ያ ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጭኮዬን በልቼ፣ የገብስና የቅቤ ሽታው ከእጄ ሳይለቅ፣ ሽማግሌውን ከጢሙ እስከ ግንባሩ በጥቁር እስክሪብቶ አሰመርኩት። ቀና ብዬ ሳየው ሰውየው ከእስር ቤት መስኮት ኋላ የቆመ ይመስላል። ያኔ አደራው ትዝ አለኝና ክው አልኩ።

በላጲስ ብሞክር ወረቀቱ መሳሳት ጀመረ። ስለዚህ መደበቅ ያዝኩ። የእኔ መስመር በጢሙ ውስጥ ሲያልፍ ከጎኑ ሌላ ቀጭን፣ በላዩ ደግሞ የሚያቋርጠው እያከልኩ ከዋናው ጋር አመሳስለዋለሁ። መጀመሪያ ደብተሬ ላይ እለማመዳለሁ፣ ከዚያ እሱ ላይ። እሁድ ከሰዓት ጢሙም አንገቱም ጉንጩም ድነው ነበር። ግንባሩ ግን ብርሃን ነው፤ ባዶ ወረቀት። እዚያ ያሉትን አራት መስመሮች ለመሸፈን ግንባሩን ማጥቆር ሊኖርብኝ ነው።

አጎቴ ፊቴን አይቶ “ማል ታቴ? ምን ሆነሻል?” ቢለኝ አልቅሼ ነገርኩት።

“በይ ይዘሽ ሂጂ” አለኝ። “ያጠፋሽው የሰው ዕቃ እዚህ አይደር።”

ስንዴው ቢጫ የሆነበት ኅዳር ነበር፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። እግሬ እየተጎተተ ደረስኩ። ጋሼ መስፍን በሩን ከፍተው አስገቡኝ፤ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ግንባሩን በአውራ ጣታቸው ሲነኩ ፊታቸው ተለወጠ።

“ይሄን አንቺ ነሽ?”

“አዎ ጋሼ። ሌሎቹንም።”

“የቶቹን?”

ጢሙንና ጉንጩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ፈለጉ። ቢሉ ቢሠሩ የመርፌውን ከእኔ መለየት አልቻሉም። ወደ እኔ ቢያዞሩት እኔም አቃተኝ። ያኔ ሳቁ፤ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

“አዝኛለሁ፣ አልዋሽሽም” አሉ። “ግንባሩንም አጥቁረሽ ብታመጪልኝ ግን ሰውየው ይጠፋ ነበር። እንኳን ተውሽው። ሰኞ ባዶ ወረቀት ይዘሽ ነይ፣ መሣል እንጀምራለን።”

ስመለስ ብርዱ አልተሰማኝም። ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁት።

ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ጥላና ብርሃን የተማርኩት በዚያ ጥፋት ነው። ጋሼ መስፍን ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አንድ ነገር ሳልነግራቸው ቀረሁ። ግንባሩን የተውኩት አውቄ አልነበረም። ያን ቀን በራቸው አጠገብ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ደግፌ፣ እስክሪብቶዬን ከፍቼ ቆሜ ነበር። ላጥቁረው ወይስ ልተወው እያልኩ ሳለሁ እሳቸው ሳላንኳኳ በሩን ከፈቱ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለራሴ የምለው አንድ ነው። እንኳንም ከፈቱ።