ገልብጦ የገጠመው ማራገቢያ

ባለፈው ሳምንት ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስወርድ ሚኒባሱ ዳባት ላይ ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ "ግማሽ ሰዓት ነው" ሲል ግማሽ ሰዓት እንዳልሆነ ሁላችንም ገባን። ብርዱን ሽሽት መንገድ ዳር ካለች የኮምፒውተር መጠገኛ ቤት ገባሁ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ለኮምፒውተር ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ፈትታ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ትጠርጋለች። መልሳ ገጥማ አበራችውና ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ከኋላው አስጠጋች። ወረቀቱ ወደ ውጭ ተርገበገበ።

"ይህን ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"አባቴ ነው፣ እማማ።"

እማማ መባሌ ሳያንስ፣ ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየሁ። አለባቸው! ጢሙ ሸብቷል እንጂ ራሱ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ቂሙን ታቅፌ የኖርኩበት ሰው ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ በጋሼ መኳንንት የጽሕፈት ቤት፣ በአንዲት ኮምፒውተር የምጽፍ ጸሐፊ ነበርኩ። አቤቱታ ለማስጻፍ ከአምባራስና ከአምቢኮ የሚመጡ ገበሬዎች ወንበሬን ከበው ይቆማሉ። አባቴ እኔን ከሰው ሲያስተዋውቅ "ልጄ ወንበር አላት" ይል ነበር። እኔም ያቺን የተቦጫጨቀች ወንበር እንደ ሹመት ነበር የማያት።

የደባርቅን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በር ሲከፈት ጉሙ አብሮ ይገባል። እኛ አገር ሕፃንም ሆነ ጥጃ ብርድ እንዳይመታው ይለብሳል። ኮምፒውተሩም ብርድ እንዳይመታው ጠዋት ጠዋት ጋቢ የምደርብለት እኔ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ማንም አልሳቀም፣ እንዲያውም ጋቢው የጋሼ ነው። ጣቶቼ ሲደነዝዙ ከጋቢው ሥር አስገብቼ ከማሽኑ ኋላ በሚወጣው ሙቅ ነፋስ አሞቃቸው ነበር። በኪሴ የገብስ ቆሎ፣ ለእጄ ሙቀት፤ ምን ጎደለኝ!

ማሽኑ በድንገት መጥፋት ሲያበዛ ጋሼ አለባቸውን ጠሩ። ጎንደር የተማረ፣ ብሎን ከሚፈታበት ካቻቢቴ ምላሱ የሚፈጥን ጎረምሳ ነበር። ፈታውና "ጋቢው አፍኖታል፤ ፓወር ሰፕላይ መተንፈስ አለበት" አለ። እውነቱን ነው፣ አልክድም። ማራገቢያውን አውጥቶ አጸዳ፣ ዘይት ጠብ አደረገበትና መልሶ ገጠመው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋቢ አልደረብኩም።

ማሽኑ ግን ባሰበት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሠራ ጭልም ይላል። እኔም ጣቶቼን ከኋላው ባደርግ ሙቀት የለም። አለባቸው ተመልሶ ሲመጣ "ከኋላ ይወጣ የነበረው ሙቅ ነፋስ ቀርቷል" አልኩት።

ሳቀ። "ጋሼ፣ ይቺ መሞቂያ ነው የምትፈልገው፤ ምድጃ ይግዙላት!" ቤት የሞላው ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ፣ "ደብቃ ጋቢ ታለብሰዋለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ ወንበር ካላስነሧት ማሽን አይበረክትልዎትም" አለ። በዓይኔ! የዓይን ያለህ!

ጋሼ ፊታቸውን አዙረው "ተነሺ ልጄ" አሉኝ። ተነሣሁ። በረፋዱ ቤቴ ገባሁ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ስለ ወንበሬ ለሰው አላወራም፤ ይሄ ነው አንጀቴን የበላኝ።

አሥራ አንድ ቀን ተንገበገብኩ። ልብስ ሳጥብ አስባለሁ፣ ድንች ስልጥ አስባለሁ። አንድ ቀን ቢላዋው እጄ ላይ እንዳለ ገባኝ። ማራገቢያው ሲዞር ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ስለዚህ ነፋሱ አልቆመም። ወደ ውጭ ካልወጣ ወደ ውስጥ እየገባ ነው! ያ ምላሳም ገልብጦ ገጥሞታል።

ያኑ ዕለት ሄጄ ለጋሼ በጆሯቸው ብነግራቸው ይበቃ ነበር። አልፈለግሁም። በሰው ፊት ነው ያስነሣኝ፣ በሰው ፊት ነው የምከፍለው። የገበያ ቀን እስኪደርስ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

የገበያው ዕለት ቤቱ ጢም ብሏል፤ የእርጥብ ጋቢና የቅቅል ድንች ሽታ ያውዳል። አለባቸው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የጠፋውን ማሽን ያስነሣል፤ አንድ የአምባራስ ሽማግሌ አቤቱታቸው ግማሽ ላይ ተቋርጦባቸው ቆመዋል። ማሽኑ እንደተነሣ ከተበላሸ ወረቀት ቀድጄ ከኋላው አስጠጋሁ። ወረቀቱ የማራገቢያው መሸፈኛ ወንፊት ላይ ልጥፍ አለ። እጄን ለቀቅሁት፤ አልወደቀም።

"አያችሁ? የሚያስተነፍሰውን ገልብጦ ገጥሞት ሙቀቱ ውስጡ ታፍኗል!"

"ዞር በይ አንቺ!" አለ አለባቸው።

"ፍታው" አሉት ጋሼ።

አራቷን ብሎን ፈታ። ማራገቢያውን አዙሮ ገጥሞ ማሽኑን ሲያበራው፣ መልሼ ያስጠጋሁት ወረቀት ተስፈንጥሮ ሽማግሌው እግር ሥር አረፈ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ግን አልበቃኝም። እጁን ይዤ ሙቁ ነፋስ ላይ አደረግሁትና "ሞቀህ? ወይስ ምድጃ ልግዛልህ?" አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንበሬ ተመለሰችልኝ፤ አባቴም ስለ ወንበሬ ማውራቱን እንደገና ጀመረ። አለባቸውን ግን ከተማው "ምድጃው" ብሎ ስም አወጣለት፤ መስከረም ሳይጠባ ደባርቅን ለቅቆ ሄደ። እሰይ አልኩ።

"አባትሽ የት ነው?" አልኳት ልጅቷን።

"አርፏል። ዓመት ሞላው።"

ነፍስ ይማር አልኩ፣ በከንፈሬ። ምላሴ ግን በላኝ፤ አባቷ ምን ዓይነት ውሸታም እንደነበር ልነግራት ፈለግሁ። "ይህን የወረቀት ዘዴ እሱስ ከማን እንደተማረው ነግሮሻል?"

ብሩሹን አስቀመጠች። "ከአንዲት የደባርቅ ጸሐፊ። ዋሽቼ ከወንበሯ አስነሣኋት ብሎኛል።" ትኩር ብላ አየችኝ። "እርስዎ ነዎት እንዴ?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ወዲያው ብድግ አለችና ያለቻትን አንዲት ወንበር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። "ከመጣች ተነሺላት ብሎኝ ነበር።"

ደሜ ፈላ። ከዳባት ደባርቅ ስንት መንገድ ናት? ምነው ራሱ አልመጣም? ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ስድብ አፌ ውስጥ አስቀርቶ፣ ከሞተ በኋላ ልጁን ያስነሣልኛል! ይቅር አላልኩትም፤ አሁንም አላልኩትም።

ተቀመጥኩ። ወንበሯ ከልጅቷ ሙቀት ገና አልበረደችም። ሹፌሩ ውጭ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ፤ እኔ ግን አልተነሣሁም።