መጋጠሚያው የማይታይ ጣውላ

ቅዳሜ ጠዋት ጺሜን እየተላጨሁ ሳለ ከአጥሩ ውጭ «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የሳህን ኳኳታ... ከዚያ የሴቶች ጩኸት። ምላጩን አስቀመጥኩ። ገና ሳልወጣ ምን እንደተሰበረ አውቄ ነበር።

የተሰበረው እኔ የሠራሁት ጣውላ ነው።

አጁሉ ጎረቤቴ ናት። ከባሮ ወንዝ የሚወጣውን ዓሣ ከአጥሬ በር አጠገብ፣ ከማንጎው ሥር ትሸጣለች። ከጥቂት ሳምንታት በፊት «ቲቸር፣ ከዚህ ምሰሶ እዚያኛው ድረስ የሚደርስ ጣውላ የለህም?» አለችኝ። ከኮርኒስ ጥገና የተረፉ ሁለት ቁራጭ ኮምፔርሳቶዎች ነበሩኝ። አንዳቸውም ብቻውን አይደርስም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ እጄ ሥራ ሲያገኝ ደስ ይለኛል።

«እቀጥልልሻለሁ» አልኳት።

ኮምፔርሳቶ ለመቀጠል ቀላሉ መንገድ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ከስር ቁራጭ የሞራሌ እንጨት መምታት ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን ያስጠላል። እኔ ሁለቱንም ጫፎች በመላጊያ ሰያፍ አድርጌ አሳሳኋቸው፤ አንዱን በሌላው ላይ አስተኝቼ በነጭ ኮላ አጣበቅኳቸው፤ ድንጋይ ጭኜ አሳደርኳቸው። በማግስቱ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ቀለም ስቀባው መጋጠሚያው ጠፋ።

ኩራቴን መደበቅ አልቻልኩም። መንገደኛ እያስቆምኩ «እስቲ መጋጠሚያውን አግኝ!» እል ነበር። አንድ ባለ ባጃጅ በጥፍሩ ሲፈልግ ቆይቶ ሌላ ቦታ አሳየኝ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ሐጂ (ኮላውን የሸጡልኝም እሳቸው ናቸው) መነጽራቸውን አድርገው መጥተው «ይሄ እኮ ከጥንቱም አንድ ነው መምህር!» አሉኝ።

አንድ ነገር ግን ነበር... የኮላው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ለሚነካው ዕቃ እንደማይሆን ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። ለአጁሉም «ውሃ አታፍስሺበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው» ልላት ነበር። እሷ ግን ጣውላውን በእጇ እየዳሰሰች «ይሄስ ለዓሣ አይሆንም፤ ሙሽራ ይተኛበት!» እያለች ስትስቅ የሥራዬን ጉድለት መናገር ከበደኝ። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ሳልነግራት ቀረሁ።

ዕድሜ ልኬን መመሪያውን አንብቦ ሳይጨርስ ፈተና የሚጀምር ተማሪ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ዓሣ የሚሸጥበት ጣውላ ደግሞ በባልዲ ውሃ ነው የሚታጠበው። በየቀኑ።

ግማሽ ፊቴ አረፋ እንደሆነ ወጣሁ። ጣውላው ልክ ከመጋጠሚያው ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ዓሣው ጭቃ ውስጥ ነው። አጁሉ የአክስቷ ልጅ አባንግ ላይ ትጮኻለች። አባንግ በቅርቡ ከጎግ ወረዳ መጥታ አብራት የምትሠራ፣ ረጅምና ደንዳና ሴት ናት። እዚያ የተወቻቸው ልጆቿ የሚማሩት በዚህ ሥራ ነው።

«ተደግፈሽበት ነው! ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ?»

«እጄን ብቻ ነው ያስቀመጥኩት።»

«እጅሽ ራሱ አንድ ሰው ያክላል!» አለ ያ ባለ ባጃጅ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ።

«ነገ መኪና ትይዣለሽ። ወደ ጎግ ትመለሻለሽ» አለች አጁሉ።

ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም።  አባንግ ጎንበስ ብላ ዓሣውን ከጭቃ ትለቅም ጀመር።

«አጁሉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ኮላው ውሃ አይችልም። አውቅ ነበር። ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

 ከሱቃቸው የመጡት ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አያችሁ መምህርን? አባንግ እንዳታፍር ብለው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ሲያደርጉ!»

«ሐጂ፣ እውነቴን ነው። ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል።»

«ቆርቆሮውን የሸጥኩት እኔ! የኔንም ጥፋት ሊሸከሙልኝ ነው እንዴ?»

«ቲቸር፣ በቃ ተው» አለች አጁሉ እጄን ይዛ። ድምፅዋ ለስልሷል። «ያንተ ሥራ እንዲሁ አይሰበርም። እኔ አውቅሃለሁ።» ከዚያ ወደ አባንግ ዞረች። «ለቲቸር ስል ይቅር ብዬሻለሁ። አመስግኚው።»

አባንግ ቀና ብላ አመሰገነችኝ። ሰው ሁሉ እያየ፣ ባላጠፋችው ጥፋት ይቅር ስለተባለች። አረፋው ፊቴ ላይ ደርቋል። «ምንም አይደለም» አልኩ... አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጣውላውን እንደገና ቀጠልኩት። አሁን ጫፍ ለጫፍ ነው፤ ከስር ወፍራም ሞራሌ መታሁበት። አንደኛውን ጫፍ አባንግ ያዘችልኝ። አጁሉ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ጠብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቲቸር... ጠዋት ያልከው እውነት ነው አይደል?»

«እውነት ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ እጄን ብቻ ነው ያስቀመጥኩት።»

«እንግዲያው አጁሉ ስትመለስ አብረን እንንገራት። ቆርቆሮውንም አመጣለሁ።»

«አይ አይ! ተወው!» ጣውላውን ልትለቀው ምንም አልቀራት። «አሁን ይቅር ብላኛለች። እንደገና ከጀመርከው እንደገና ትናደዳለች። አንተ ቲቸር ነህ፣ ምንም አትሆንም። የምሄደው እኔ ነኝ።»

መዶሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። በትምህርት ቤት ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም። አጁሉ ውሃዋን ይዛ ስትመለስ የቀረውን ምስማር መታሁ።

አሁን ጣውላው ሥራ ላይ ነው። ሞራሌው ከመንገዱ ማዶ ይታያል፤ መጋጠሚያውን ፈልጉ የምለው ሰው የለም። ትናንት ደግሞ አጁሉ «ለደግነትህ» ብላ ትልቅ ዓሣ ላከችልኝ። ያመጣችልኝ አባንግ ናት። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ተቀበልኳት።

እንዲህ አጥንት የበዛበት ዓሣ በልቼ አላውቅም።