ሰማያዊው ጭስ

ዲንቄ ፈሪ ናት። ይህን እሷም አትክድም። የደምበላ ሰፈር ሰውም ያውቀዋል፤ ሲያሻው ይስቅባታል፣ ሲያሻው ያዝንላታል። ዝናብ ሲመጣ የመብራት ቆጣሪውን ትፈራለች፣ ሌሊት የሚያላዝን ውሻ ትፈራለች፣ ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ትፈራለች። ከሁሉም አብልጣ የምትፈራው ግን ሞተር ሳይክል ነው። በዚህ እንኳን ማንም አይፈርድባትም። ዕድሜዋን በአንድ የግል ክሊኒክ ቁስል በሚታሸግበት ክፍል በጽዳት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ከሞተር የወደቁት ሲመጡ ሐኪሙ እግራቸውን ያያል፣ ነርሷ ታሽጋለች፤ ወለሉን የምትወለውለው ዲንቄ ነበረች።

ደግሞ የራሷም አለባት። ባሏ ሰይፈሚካኤል የወባ መከላከያ ሠራተኛ ሳለ፣ የመድኃኒት መርጫውን ከኋላው ጭኖ በያማሃ ሞተር የአቦምሳን ቆላ ሲያካልል የኖረ ሰው ነው። ልጃቸው ሌንሳ በሆዷ እያለች፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ ነክሶ ድርቅ አለ። የኋላው ጎማ ተቆለፈና ሰይፈሚካኤልን አሽቀንጥሮ ገደል አፋፍ ላይ ጣለው። በቃሬዛ ነው ያመጡላት። እሱ ድኖ እንደገና ሞተር ላይ ወጣ፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን አልዳነችም። በበረባሶ የሚሄድ ሰው እንኳን ቶሎ ቶሎ ሲራመድ ካየች ልቧ ይመታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

ስለዚህ ጡረታ የወጣው ሰይፈሚካኤል፣ አንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ያወጣውን አሮጌ ያማሃ በጋሪ አስጭኖ ወደ ግቢው ሲያስገባ፣ ዲንቄ በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ይሄን ሬሳ ምን ልታደርገው ነው?»

«አስነሳዋለሁ።»

«አልዓዛር ነው እንዴ?»

«አንቺ ብቻ ድንጋዩን አንከባልይልኝ» አላት እየሳቀ።

ሲስቅ ካየችው ቆይታ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ በረንዳው ላይ ከወንበሩ አይነሳም። ጢሙን መላጨት ትቷል፣ ዛሬ ምን ቀን ነው እያለ ይጠይቃል፣ መልሱን ሳይሰማ ይረሳዋል። አሁን ግን ከእሷ ቀድሞ ይነሳ ጀመር። ሞተሩን ብሎን በብሎን ፈትቶ አሮጌ አንሶላ ላይ ደረደረው። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ወስዶ ናፍጣ ሞላበት፤ የጥርስ ብሩሿ ካርቡሬተር ሲፈትግ ተገኘ። የታንኩን የውስጥ ዝገት ለማስለቀቅ ጠጠርና ናፍጣ ጨምሮበት፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ሲያንሿሿው ይውላል። የጭስ መውጫውን፣ ማርሚታውን፣ በእሳት አጋየና የዘመናት ጥላሸቱን አራገፈ። አዲስ ፒስተን ከመርካቶ አስመጣ። ማታ ማታ እጁን በሳሙና ሲያሽ ያንጎራጉራል። ዲንቄ ደስ ይላታል፤ ደስ ባላት ቁጥር ደግሞ ትፈራለች፤ ያ ክምር ብረት ሞተር ወደመሆን እየተጠጋ ነዋ።

«ያ ዋቃ፣ አንድ ብሎን ይጥፋበት» ብላ እስከ መጸለይ ደርሳለች። አንድ ቀን ግቢውን ስትጠርግ እውነትም የካርቡሬተሩን ትንሽ ሞላ ከአቧራው ውስጥ አገኘች። ቀኑን ሙሉ ኪሷ ውስጥ ይዛው ዋለች። ሰይፈሚካኤል በአራት እግሩ እየዳኸ ሲፈልግ አየችው፤ ማታ ላይ እንደገና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ግን አላስቻላትም፤ አንሶላው ጠርዝ ላይ መልሳ አስቀመጠችለት። ሲያገኘው ስሟን ጠርቶ እንደ ልጅ ጮኸ።

በአንድ ቅዳሜ ሞተሩ ተነሣ። ሰይፈሚካኤል ጥቂት ቤንዚን አድርጎ በእግሩ ደጋግሞ ሲረግጠው፣ አስነጠሰና ግቢውን በጩኸት ሞላው። ጩኸቱስ ይሁን፤ ጭሱ ነው ጉዱ። ሰማያዊ ጭስ ከማርሚታው እየተንቦለቦለ የተሰጣውን ልብስ ሸፈነው። ጎረቤቷ ሳፊያ በአጥሩ በኩል «ዲንቄ፣ እሳት ነው እንዴ?» ብላ ተጣራች። ታንኩ ውስጥ የነበረችው ቤንዚን ስታልቅ ሞተሩ ጠፋ፤ ሰይፈሚካኤል ግን ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ያበራ ነበር።

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ መልካሳ እወጣለሁ!» አላት።

ዲንቄን የዚያን ቀን አንድ ነገር ዕረፍት ነሣት፤ ጭሱ። ደህና ሞተር እንዲህ አይጨስም። ሰይፈሚካኤል ገበያ ሲሄድ፣ ጥግ ላይ ካለው ቢጫ ጀሪካን ትንሽ ቤንዚን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታ ወደ ፀሐይ አነሣችው። ንጹህ ቤንዚን አይመስልም፤ ደፍረስ ያለ ነው። በጣቷ ነካችው፤ ያሙለጨልጫል። ያኔ ሁሉም ነገር የገባት መሰላት። በየመንገዱ በጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ሻጮቹ ባዕድ ነገር እንደሚጨምሩበት፣ በእሱ የተነሣም ሞተር መሀል መንገድ ላይ ቀጥ እንደሚል፣ የባጃጅ ሾፌሮች ሲማረሩ ስንት ጊዜ ሰምታለች! ይህ ሰው ተታሏል። ነገ የጭነት መኪና ፊት ሞተሩ ድርቅ ይልበታል፤ ደግሞ በቃሬዛ ያመጡላታል።

ብትነግረው አይሰማትም፤ «ፈሪ ለእናቱ» ብሎ ይስቅባታል። ስለዚህ ለራሷ የታያትን አደረገች። ቤንዚኑን ጓሮ ወስዳ ጉድጓድ ውስጥ ደፋች። ጀሪካኑን በኦሞ አጥባ፣ አድርቃ፣ ሰፈሯ ወዳለው የባጃጅ ሾፌር ወደ ኦሊቃ ሄደች።

«የታመነ ቤንዚን ስጠኝ የኔ ልጅ፤ ሰይፉ ፈልጎ ነው፤ ምንም ያልገባበት ይሁን።»

«ከማደያ ነው የቀዳሁት አዴ ዲንቄ፤ እንደ ውኃ የጠራ ነው» አላት። ጀሪካኑን ቦታው መለሰችው። በዚያች ሌሊት ከብዙ ጊዜ በኋላ ደህና ተኛች።

በማግስቱ ሰይፈሚካኤል ታንኩን ከጀሪካኑ ሞላ። በገዛ እጁ ያዘጋጀው ቤንዚን ነውና ምኑን ይመረምረዋል? ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ ትንሽ ጨሰ፤ ግቢው ውስጥ እያሞቀው ሳለ ጭሱ እየሳሳ ሄደ።

«አየሽ፣ ጠራ!» አለ ሰይፈሚካኤል። ዲንቄ ኩራት ተሰማት፤ ልትነግረው ቃጣትና ተወችው።

በዚህ መሀል ልጃቸው ሌንሳ እየሮጠች ወጣች። ዱከም ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ለእሑድ መጥታ ነበር። የአባቷን ትርፍ ሄልሜት አጥልቃ ከኋላ ፊጥ አለች። ዲንቄ የሞተሩን መቀመጫ ከኋላ ጨብጣ ያዘች።

«ውረጂ! ሌንሳ፣ ውረጂ ብያለሁ!»

«እማ፣ እስከ መልካሳ ብቻ ነው፤ ደርሰን እንመለሳለን።»

«ልቀቂ እንጂ ዲንቄ፤ ዕድሜ ልክ እንዲህ ይፈራል?» አላት ሰይፈሚካኤል። እጇን ለቀቀች። ታጥፈው እስኪሰወሩ ድረስ በር ላይ ቆማ በልቧ እንዲህ አለች፦ ቢያንስ ቤንዚኑ ንጹህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ኦሊቃ ባጃጁን በር ላይ አቆመ።

«አካም ጂርቱ አዴ ዲንቄ! ጋሼ ሰይፉ ሲያልፉ አየኋቸው። እንዴት ያለች ሞተር ናት! ለእሷ ነበር እንዴ ቤንዚኑ? ዘይቱን ስንት አደረጉበት?»

«የምን ዘይት?»

«የሞተር ዘይት ነዋ! እንደዚያ ዓይነቶቹ እኮ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ካልገባላቸው ውስጣቸው ይደርቃል። ድሮ የነበሩት ባጃጆችም እንደዚያ ነበሩ፤ ሰማያዊ የሚያጨሱት።»

ዲንቄ የምትይዘው ነገር ፈለገች፤ የያዘችው የባጃጁን መስታወት ነበር። «ካልገባበትስ?» አለች፤ መልሱን ግን ከኦሊቃ በፊት ታውቀው ነበር። ያን ቁልቁለት፣ የተቆለፈውን ጎማ፣ ቃሬዛውን አየች። አሁን ደግሞ ከኋላ ሌንሳ አለች።

የሰይፈሚካኤል ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። የሌንሳ ስልክ ደግሞ እዚያው ቤት፣ ሶፋው ላይ ጮኸ። «ንዳ!» አለችው ኦሊቃን። ባጃጁ ወደ መልካሳ በሚወስደው በሶደሬ መንገድ በረረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷ ግን ቆሞ የጠበቃትን አይደለም፣ በገዛ እጇ ቀድታ ያስረከበችውን ነው ተከትላ የምትሮጠው። ሁለቱን መንገድ ላይ ተዘርግተው ታያቸዋለች፤ ዓይኗን ስትጨፍን ይብሳል፤ ስትገልጥ አስፋልቱ ያው ነው። ክሊኒኩ ውስጥ የወለወለችው ደም ሁሉ ትዝ አላት።

ከፊታቸው ሰው ተሰብስቦ አዩ። ባጃጁ ሳይቆም ወርዳ ሰው እየገፋች ገባች። የሽንኩርት አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ ነው፤ ሽንኩርት መንገዱ ላይ ተበትኗል። ሾፌሩ «ማዘር፣ ምን ሆኑ?» አላት። ሳትመልስለት ተመለሰች።

ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ከመታጠፊያው በኋላ፣ ግራር ጥላ ሥር አገኘቻቸው። ሌንሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ሄልሜቱ ጭኗ ላይ ነው። ዲንቄ እየሮጠች ደርሳ ራሷን፣ ትከሻዋን፣ ጉልበቷን ዳበሰቻት። ጭረት የለባትም። ያኔ ጮክ ብላ አለቀሰች።

ሰይፈሚካኤል ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ቀና አላለም።

«ነከሰ» አለ። «የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ። ፒስተኑን በደንብ አልገጠምኩትም መሰለኝ። እጄ ሞቷል ዲንቄ። ልጄን ልገድላት ነበር። ነገ ለቆራሌው እሰጠዋለሁ፤ ይገላግለኝ።»

የጸለየችው ጸሎት ይኸው ተሰማላት። ዝም ብትል ሞተሩ ከግቢዋ ይወጣል፣ ዳግም አይመለስም። ኦሊቃ አንገቱን ደፍቶ የባጃጁን ጎማ ያያል፤ እሱም አይናገርባትም። ግን ሰይፈሚካኤል የተናገረበትን ድምፅ ታውቀዋለች፤ የበረንዳው ወንበር ድምፅ ነው። ዛሬ ምን ቀን ነው የሚለው ድምፅ ነው። ከሞተሩ ይልቅ ያን ድምፅ ፈራችው። ቢሆንም አፏን ለመክፈት ከባጃጁ መንገድ የበለጠ ከበዳት።

«ሰይፉ» አለች፤ «ቤንዚኑን ደፋሁት። ሲጨስ ጊዜ የተበላሸ መስሎኝ ንጹህ ቀየርኩልህ። ዘይት እንደሚገባበት አላወቅሁም። ልገድላችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ሰይፈሚካኤል ቀስ ብሎ ዞረ። መጀመሪያ ሌንሳን፣ ቀጥሎ እሷን አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ መጣ፤ ሲመጣም አየችው። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ጀሪካኑንስ?» አለ በመጨረሻ።

«በኦሞ አጥቤዋለሁ።»

ሌንሳ ሳታስበው ሳቀችና አፏን ያዘች። ሰይፈሚካኤል አልሳቀም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እንግዲያው እጄ ደህና ነው» አለ ለራሱ።

«ግን እንዴት ሳትወድቁ ቀራችሁ ጋሼ?» አለ ኦሊቃ። «ሲነክስ እኮ ጎማው ይቆለፋል።»

«አባዬ ወዲያው በግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ያዘው» አለች ሌንሳ። «ጎማው ከሞተሩ ተላቀቀና እየተንሸራተትን ቆምን። እኔ እንኳን የገባኝ ከቆምን በኋላ ነው።»

ዲንቄ ያን ጊዜ የሰይፈሚካኤልን ግራ እጅ አየችው። ከመጣች ጀምሮ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ሳበችና አወጣችው። ጣቶቹ እጀታ እንደ ጨበጡ ቀርተዋል፤ አይዘረጉም።

«ከቤት ከወጣን ጀምሮ ከፍሪሲዮኑ ላይ አላነሣኋቸውም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያች ከአቦምሳዋ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አንሥቻቸው አላውቅም። እንዲያው ለአንቺ መናገሩ አሳፍሮኝ ነው እንጂ።»

«አንተ? ትፈራለህ?»

«እፈራለሁ።»

ዲንቄ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሸች መዘርጋት ጀመረች። የጭነት መኪኖች እያለፉ አቧራ ያለብሷቸዋል፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ትንሿ ጣቱ እስክትላቀቅ ድረስ ሁለቱም ከዚያ አልተነሡም።