የሰባት አገር ዶሮ

በሰፈሩ ካሉት ምግብ ቤቶች የአብዛኞቹ ሜኑ የሚታተመው እሱ ዘንድ ነው። ማተሚያ ቤቱ በአንድ ጫማ አዳሽና በአንድ ፀጉር ቤት መሃል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ክፍል ናት። የቻይናው፣ የሕንዱ፣ የጣሊያኑ፣ የአረቡ ምግብ ቤት ሁሉ የምግብ ስሙን እዚያ ፊደል በፊደል አስለቅሞ፣ በፎቶ አስጊጦ፣ ፕላስቲክ አስለብሶ ይወጣል። ሰውየውም ከጊዜ ብዛት ሜኑውን ያተመ ሰው ኩሽናውንም የሚያዝዝ እየመሰለው መጣ። የመንገዱ ሰው ከኋላው «ሼፉ» ይለዋል። እያሾፉበት መሆኑን ቢያውቅም ባያውቅም፣ ፊት ለፊት ቢሉት ደስታውን አይችለውም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስቱንና ሴት ልጁን አስከትሎ አንዱን ምግብ ቤት ሊፈትሽ ይወጣል። መብላት አይለውም፤ ፍተሻ ነው። ቻይናው ቤት ሹካ ሲያቀርቡለት እንደ ስድብ ቆጥሮ ሁለቱን ቀጫጭን እንጨቶች አስመጣ። ሩዙ አፉ ከገባው ይልቅ ጭኑ ላይ የቀረው በለጠ፣ እሱ ግን ሱሪውን እያራገፈ «እዚያ አገር እንዲህ ነው የሚበላው» አለ። ሕንዱ ቤት «ቅመሙ አንሷል፣ ጨምሩበት» ብሎ ካስጨመረ በኋላ ዓይኑ እንባ፣ አፍንጫው ውሃ ሆነ፤ «ጉንፋን ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ጣሊያኑ ቤት ደግሞ ፓስታ ጥርስ ላይ ጠንከር ማለት እንዳለበት፣ የሜኑ ፊደል ሲለቅም ያነበበውን፣ ምግብ አብሳዩን ከኩሽና አስጠርቶ አስተማረው። አብሳዩ እሺ ብሎ ጥሬ ሊባል ምንም ያልቀረውን ላከለት፣ እሱም እየኮረሸመ ጨረሰው። ተሸነፍኩ ማለት በእናቱም በአባቱም በኩል የለበትም።

ሚስቱ በእነዚህ ቅዳሜዎች ብዙ አትናገርም። የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ስለሆነች አፉን ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው ለምዳለች። ከሥራ ተመልሳ የምትሠራውን ምግብ ግን ባሏ በአንድ ስም ነው የሚጠራው፤ «የበሽተኛ ምግብ»። ሾርባ ብትሠራ የበሽተኛ፣ ዶሮ ብትጠብስ የበሽተኛ። ስሙን ጠርቶ ሲያበቃ ሁለት ጊዜ ያስጨምራል። መጀመሪያ መጀመሪያ ትመልስለት ነበር፣ በኋላ ተወችው።

የዚያን ሰሞን ልጃቸው ልታገባ ሆነ። የእጮኛዋ እናት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው ስድስት መቶ ልጅ በዓይናቸው ብቻ ጸጥ ያሰኙ ነበር ይባላል። ልጃቸውን ብቻቸውን ስላሳደጉ፣ ምርቃታቸውን ከመስጠታቸው በፊት የልጅቷን ቤተሰብ በቅርብ ማየት ፈለጉ። አባትየው ይሄን እንደሰማ «ምሳው በእኔ!» አለ። የሰባት አገር ምግብ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያቀርብ አዲስ ቤት ተከፍቷል፣ የሜኑው ቀለም ገና አልደረቀም፤ ያተመውም ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

«አባዬ፣ በናትህ፣ ዛሬ እንኳ ዝም ብለህ ብላ» አለችው ልጅቷ፣ ከቤት ሊወጡ ሲሉ ክራቫቱን እያስተካከለችለት። «ሴትየዋ ጉራ አይወዱም። ይሄ ምሳ ከተበላሸ የምበላሸው እኔ ነኝ።»

«እኔ መቼ ጉራ ነዝቼ አውቃለሁ?» አለ፣ ከልቡ ተገርሞ።

ዳይሬክተሯ ከልጃቸው ጋር ቀድመው ደርሰው ተቀምጠዋል። ልጁ የእናቱ ልጅ ነው፤ ሰላምታ ሰጥቶ ሜኑውን ለእናቱ አቀበለ። ሼፉ ግን ወንበሩ ሳይሞቅ ጀመረ። የሕንዱ ቅመም ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ የቻይናው እሳት ለምን ኃይለኛ እንደሆነ፣ የአረቡ ሩዝ እንዴት እንደሚታጠብ አብራራ። ማንንም ሳይጠይቅ ከሰባቱም አገር አዘዘ። ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ብትረግጠው «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቃት። እጮኛዋ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አድርገው ሜኑውን እንደ ፈተና ወረቀት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ያነባሉ። የቻይናው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አንድ ፎቶ ላይ አሳረፉ። በድንችና በካሮት የተጠበሰ ዶሮ ነው፤ ቆዳው ወርቅ መስሎ፣ መረቁ ሳህኑ ላይ ፈሰስ ብሎ፣ ሲያዩት ምራቅ ያስውጣል።

«ይሄን አምጪልኝ፣ ልጄ» አሏት አስተናጋጇን።

«እሱ እንኳ የለም፣ እማማ» አለች አስተናጋጇ፣ የሰለቻት ጥያቄ መሆኑ ያስታውቃል። «ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያዝዘው። ለፎቶ ነው እንጂ እኛ ጋ አይሠራም።»

ዳይሬክተሯ ገጹን ገለጡ። ሕንድ ላይ ያው ዶሮ፣ ቀላ ብሎ። ጣሊያን ላይ ያው ዶሮ፣ አረንጓዴ ቅጠል ተነስንሶበት። አረብ ላይ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ ተኝቷል።

«ይሄ ዶሮ ግን ስንት ፓስፖርት ነው ያለው?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት የመጀመሪያው ደንበኛ ሜኑ ሲያሳትም ፎቶ አልነበረውም። ሼፉም እቤቱ የቀረበለትን ምሳ ሹካ ሳይነካው ፎቶ አነሳው። ፎቶው አማረለት። ከዚያ በኋላ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ቀለሙን እየለወጠ ያንኑ መለጠፍ ነው። ሜኑው በየምግብ ቤቱ ለየብቻው ሳለ ማንም አልነቃበትም፣ በቅዳሜው ፍተሻም እሱ ሁሉን በቃሉ ስለሚያዝዝ ሚስቱ ሜኑ ገልጣ አታውቅም፤ ለሰባት አገሩ ቤት ግን የድሮዎቹን ገጾች በችኮላ ገጣጥሞ ሲያትም ዶሮው ከራሱ ጋር ተገናኘ።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ አየች። ሳህኑ የእሷ ነው። በፎቶው ጠርዝ ሳህኑን የያዘው አውራ ጣትም፣ ኦቭን ያቃጠለው ጠባሳ ሳይቀር፣ የእሷ ነው። ለስንት ዓመት በሰፈሩ ጠረጴዛ ሁሉ ላይ ተቀምጣ ኖራለች። «ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያዝዘው» ያለችው አስተናጋጅ ድምፅ ልቧ ውስጥ ገብቶ ሞቅ አላት፤ ደስ አላት፣ መደበቅ እስኪያቅታት ደስ አላት።

«ይሄ የኔ ዶሮ አይደል እንዴ?» አለችው፣ ፈገግ ብላ።

አዎ ቢል በሳቅ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ምን ያንቺ ነው! ይሄ ከውጭ የመጣ ሥራ ነው። ለፎቶ ተብሎ የተቀጠረች ባለሙያ ሴት ናት የሠራችው» አለ።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ፎቶውን መጠቀሙ አልነበረም የከነከናት። በእጇ ሥራ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስጎመጅ ኖሮ፣ እጇን በሰው ፊት የሌላ ሴት እጅ ማለቱ ነው አንጀቷን ያቃጠላት።

«እጅሽን እስቲ፣ እህቴ» አሉ ዳይሬክተሯ። አውራ ጣቷን ይዘው ፎቶው አጠገብ አኖሩት። ጠባሳው በጠባሳው ልክ ነው። ሕንድን ገለጡ፣ ጣሊያንን ገለጡ፤ ጠባሳው በየአገሩ አለ። ከዚያ ያንን ስድስት መቶ ልጅ ጸጥ ያሰኘ ዓይን ሼፉ ላይ ጣሉበት።

«ኦቭን ውስጥ ምን ያህል ይቆያል?» ብለው ወደ ሚስትየዋ ዞሩ።

«እንደ ዶሮው ነው። ድንቹን ግን ቀድሜ አስገባዋለሁ፣ አለበለዚያ ልቡ አይበስልም።»

«እኔ ስንት ዓመት እኩል ሳስገባ!» አሉ ዳይሬክተሯ። «ቤታችሁ ሩቅ ነው?»

«ቅርብ ነው። ዶሮም አለ፣ ትናንት የገዛሁት።»

ተነሱ። እጮኛው የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ልጅቷ የምትሆነውን አጥታ አንዴ አባቷን አንዴ እናቷን ስታይ፣ ዳይሬክተሯ ክንዷን ያዙና «ነይ፣ ድንቹን እኔና አንቺ እንልጣለን» አሏት። ነገሩ በመልካም ማለቁን ያወቀችው ያኔ ነው፤ እንባዋ መጣ።

አስተናጋጇ በሁለት እጇ ሳህን ተሸክማ ደረሰች። ከኋላዋ ሌላዋ ተከትላታለች። ሩዙ፣ ፓስታው፣ በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን የመጣው ቀይ ነገር ሁሉ ጠረጴዛውን ሞላው።

«ይሄን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?» አለ ሼፉ።

«አንተ ነህ ያዘዝከው፣ አባዬ» አለች ልጅቷ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሆዱ ባሰው፤ ወይ ራበው፣ ሁለቱን መለየት አቅቶታል።

«ለኔም አስቀሩልኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ ዞር አለች።

«ያንተንማ ያቺ የተቀጠረችው ሴት ትሠራልሃለች» አለችና ወጣች።