የመቻል እግር

ትናንት አንድ ውሻ በጋለ አስፋልት ላይ እግሩን እያነሳ ሲጥል አየሁና በንጉሡ ዘመን ያደግሁባት ቢቸና ትዝ አለችኝ።

ነጋዴዎችን ተከትሎ ዓባይ በረሃ የወረደው ውሻችን መቻል በሦስተኛው ቀን እያነከሰ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ ተመለሰ።

«እብድ ውሻ!» አሉ ጎረቤታችን አያ ታከለ፤ ምንሽራቸውን አቀባበሉ።

እናቴ ሮጣ ውሻውን ከለለችው።

«ዞር በይ፣ ይነክስሻል!»

እሷ ግን እግሩን አንስታ አሳየቻቸው። መርገጫው ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል።

«አላበደም፣ አያ ታከለ። የበረሃው ድንጋይ አቃጥሎት ነው። የረገጠ ያውቀዋል» አለች።

አያ ታከለ እግሩን አይተው አፈሙዙን ዝቅ አደረጉ። እናቴ ቅቤ ቀብታ፣ ከነጠላዋ ቀድዳ እግሮቹን ጠቀለለችለት፤ እስኪድንም ፀሐይ ሳይበርድ ከጥላ አላስወጣችውም።

እሷም በልጅነቷ ያንን በረሃ በባዶ እግሯ እንደ ተሻገረች የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ከማን ሸሽታ እንደ ነበር ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።